ዴቭዶክስ፦ ኔትወርክ ሲቋረጥም የሚከፈት የኮድ ማጣቀሻ

ጅማ ላይ ድረ ገጽ በመሥራት ለሚተዳደር ሰው መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቆይም ዋይፋዩ አብሮ ይጠፋል፤ የሞባይል ዳታውም ሁልጊዜ አያስተማምንም። ስለዚህ አንድ የኮድ ማጣቀሻ ለእኛ የሚመዘነው በይዘቱ ብቻ ሳይሆን ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት በመከፈቱ ጭምር ነው። ዴቭዶክስ የተባለውን የኮድ ሰነዶች ድረ ገጽ ከሌሎቹ የማስቀድመውም በዚህ ምክንያት ነው።

አገልግሎቱ በነጻ የሚሰጥ ሲሆን ምንጩም ለሁሉም ክፍት ነው፤ ዛሬ የሚተዳደረው ኮድ በነጻ በሚያስተምረው ድርጅት በፍሪኮድካምፕ ሥር ነው። የኤችቲኤምኤል፣ የሲኤስኤስ እና የጃቫስክሪፕት ሰነዶቹ የተወሰዱት ከሞዚላው የድር ሰነዶች ገጽ ከኤምዲኤን በመሆኑ በይዘቱ ጥራት ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ያለ ኢንተርኔት ለመጠቀም፣ ኔትወርክ ባለበት ጊዜ የኦፍላይን ገጹን ከፍቶ የሚፈለገውን ሰነድ መጫን ይበቃል፤ የእያንዳንዱ ሰነድ መጠን ከጎኑ ስለሚታይ ፓኬጁን ቆጥቦ የሚጠቀም ሰው አስቀድሞ ሊያሰላው ይችላል። ፍለጋው ፊደል በተመታ ቁጥር ውጤት ያወጣል፤ የሰነዱን ስም ጽፎ ታብ የሚጫን ሰው ደግሞ በዚያ ሰነድ ውስጥ ብቻ ይፈልጋል።

ጥቅሙን ለማሳየት የቀን አጻጻፍን ልውሰድ። የጅማ ደንበኛ፣ የቡና ነጋዴም ይሁን የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፣ በገጹ ላይ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር እንዲታይለት መጠየቁ አይቀርም። ከእጅ ወደ እጅ ሲቀዱ ከሚዞሩት ኮዶች አንዳንዶቹ ከፈረንጁ ዓመት ሰባት ወይም ስምንት ቀንሰው አዲስ ዓመትን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ያውሉታል። ጳጉሜን ስድስት ቀን ስትሆን ግን ተከታዩ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ የ2016 ዓ.ም. መባቻ እንዲህ ነበር፤ ያ ኮድ ያን ጊዜ በአንድ ቀን ይስታል። በዴቭዶክስ ኢንትል ዴትታይምፎርማት (Intl.DateTimeFormat፣ ቀንን በየቋንቋው የሚጽፍ የጃቫስክሪፕት መሣሪያ) ብሎ የፈለገ ሰው ካሌንደር የሚለውን አማራጭ ያገኛል፤ ዋጋውን ኢትዮፒክ፣ የቋንቋውን መለያ ደግሞ አማርኛ ሲያደርገው፣ ጳጉሜንን አሳሹ (ብራውዘሩ) ራሱ አስልቶ የወሩን ስም በአማርኛ ይጽፋል፤ ተጨማሪ ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) መጫንም አያስፈልግም። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ መሣሪያ ቀንን ለማሳየት ብቻ የተሠራ መሆኑ ነው፤ ተጠቃሚው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላውን ቀን ወደ ፈረንጁ አይመልስም፤ ስለዚህ ዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጠው የፈረንጁ ቀን ቢሆን ይሻላል። በሲኤስኤሱ ሰነድ ውስጥም ሊስት ስታይል ታይፕ በሚለው ገጽ ኢትዮፒክ ኑሜሪክ የሚባል ዋጋ አለ፤ ዝርዝርን በ፩፣ ፪፣ ፫ ይቆጥራል። የቤተ ክርስቲያን ወይም የዕድር ገጽ የሚሠራ ሰው ይወደዋል።

ጉድለቱ ፍለጋው ላይ ነው። የሚፈልገው የርዕሶችን ስም እንጂ በገጹ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ አይደለም፤ በመሆኑም የነገሩን የእንግሊዝኛ መጠሪያ አስቀድሞ የማያውቅ ጀማሪ «ሥዕሉን መሃል ላይ እንዴት ላድርገው?» የሚል ጥያቄ ይዞ ቢመጣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ኤምዲኤን ላይ ኮዱን እዚያው እየቀየሩ ውጤቱን የሚያዩባቸው ሳጥኖችም እዚህ አልመጡም፤ ለእኔ ግን ይህ ትልቅ ጉድለት አይደለም፣ ኮድ ጽፎ መሞከሪያው የአሳሹ ኮንሶል ያለ ኢንተርኔትም ይሠራልና። ይበልጥ የሚያሳስበው የተጫነው ሰነድ የሚቀመጠው በአሳሹ ማህደር ውስጥ መሆኑ ነው፤ የአሳሹን ዳታ ጠቅልሎ ያጸዳ ሰው ሰነዱንም አብሮ ያጣል፤ ስለዚህ በኢንተርኔት ቤት ወይም ብዙ ሰው በሚፈራረቅበት የኮሌጅ ኮምፒውተር ላይ መጫን ድካሙን አይመልስም።

የራሱ ላፕቶፕ ላለውና መሠረታዊውን ላወቀ ሰው ያለ ማንገራገር እመክረዋለሁ። ገና ፊደል ለሚቆጥረው ግን ኔትወርክ ባለ ሰዓት የኤምዲኤን የትምህርት ክፍል ይቅደምለት፤ በኋላ ወደ ዴቭዶክስ ሲመጣ፣ የሌላ ማዕቀፍ (ፍሬምወርክ) ሰነድ ከመጨመሩ በፊት የኤችቲኤምኤልን፣ የሲኤስኤስን፣ የጃቫስክሪፕትንና አሳሽና ሰርቨር የሚነጋገሩበትን የኤችቲቲፒን ሰነዶች ይጫን።