ለአርባው ሥዕሉ፣ ለሙት ዓመቱ ሐውልቱ፦ የመታሰቢያ ሥራ በደሴ

ደሴ ላይ የሟች መታሰቢያ የሚያሠራ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ «ለአርባው ይድረስልን»። ሥራ ቤቱም እሺ ይላል። ከዚህ በታች ከምንነቅፈው አብዛኛው የሚመጣው ከባለሙያው እጅ ሳይሆን ከዚህች እሺታ ነው።

ነገሩ የአፈር ነው። ተቆፍሮ የተመለሰ አፈር አንድ ክረምት ካልጠጣ አይረጋም። ከጦሳ ተራራ ሥር ባለው ተዳፋት ደግሞ ጎርፉ ከላይ ስለሚመጣ መቃብሩ በአንድ ጎን ይሰምጣል። ግንቦት 20 ያረፈ ሰው አርባው ሰኔ 29 ነው፤ ያን ቀን የተመረቀ ከባድ ሐውልት ሐምሌና ነሐሴን ችሎ መስከረም ላይ ሲታይ ያዘነብላል፣ መሠረቱም ይሰነጠቃል። ኮምቦልቻ ላይ ዋልካ በሆነ ቦታ ደግሞ መሬቱ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፍርዳችን ርእሱ ላይ ያለው ነው።

ሥዕሉ ለአርባ ይደርሳል። የሚያበላሸው በአብዛኛው ለሠዓሊው የሚሰጠው ፎቶ ነው። ከመታወቂያ የተነሣች ጉርድ ፎቶ፣ ወይም በቴሌግራም ሦስት ሰው ጋ ዞራ የመጣች ምስል ስትጎላ ዓይኑ ይጠፋል። ሠዓሊው የጠፋውን ከራሱ ይሞላል፣ ያኔ «እሱን አይመስልም» ይመጣል። ፎቶው እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። 30 በ40 ሴንቲሜትር ለሚታተም ምስል ቢያንስ 1800 በ2400 ፒክስል ያስፈልጋል። ያለው የወረቀት ፎቶ ብቻ ከሆነ ስካን ይደረግ፤ ስካነር ከታጣ ደመና በሆነ ቀን መስኮት አጠገብ አስቀምጦ ያለ ፍላሽ ማንሳት ነው። የእርሳሱን ንድፍ ደግሞ እህት ወይም የትዳር ጓደኛ ይይ፤ ቅንድብና አፍንጫ በላጲስ የሚስተካከለው ያኔ ብቻ ነው።

ቀለሙ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን፣ ቶሎ የሚደርቅ) ይሁን። የዘይት ቀለም ላዩ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ወራት ይፈልጋል፣ በደሴ ብርድ ደግሞ ይብሳል፤ ለአርባ ተብሎ በላዩ ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ ይሰነጣጠቃል። ዕጣንና ከሰል በሚጨስበት ሳሎን መስታወት ቢኖረው ደግ ነው፤ መስታወቱ ግን ሸራውን እንዳይነካ። ውጭው ዝናብ የሚመታው ግድግዳ ላይ አይሰቀል፤ የግድ ከሆነ ከፍሬሙ ጀርባ በታችኞቹ ማዕዘኖች ቡሽ ተለጥፎ አንድ ሴንቲሜትር ያህል አየር ይግባበት።

ወደ ድንጋዩ። የፊት ምስል በሌዘር የሚወጣው ጥቁርና ደቃቅ ግራናይት ላይ ነው፤ ሌዘሩ የተወለወለውን ፊት እየሰበረ ነጣ ያለ ነጥብ ይተዋል። ነጭ እብነ በረድ ላይ ይህ አይታይም፤ እዚያ ስሙ በመሮ ተቆፍሮ ቀለም ይሞላዋል። እብነ በረድ ኖራማ ድንጋይ ስለሆነ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ሲጸዳ ይበላል፤ በውሃና በለስላሳ ሳሙና ብቻ ይታጠብ።

ሐውልቱ ላይ የሚለጠፈው «ሴራሚክ ፎቶ» ላይ ጠንቀቅ በሉ። በእቶን የተቃጠለ ከሆነ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ስኒና ቲሸርት በሚታተምበት ማሽን የወጣ ከሆነ ግን የኮምቦልቻ ፀሐይ በጥቂት ዓመት ያነጣዋል። ዋጋቸው ይራራቃል፣ ስማቸው አንድ ነው። «በስኒ ማተሚያው ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ከሁሉ የሚያናድደው ፊደሉ ነው። ኃይለ ሥላሴ «ሀይለ ስላሴ» ሆኖ ከተቆፈረ ማንም አይመልሰውም። መሐመድና ሙሐመድም እንደዚያው፤ ቤተሰቡ የሚጽፈው ይጻፍ። በድሮ የኮምፒውተር ፊደል የሚሠሩ ቤቶች ጋ ሟ እና ቷ ፋይሉ ማሽኑ ላይ ሲከፈት ሌላ ምልክት ይሆናሉ። ናሙናው በስልክ ምስል አይጽደቅ፤ በእውነተኛ መጠኑ ወረቀት ላይ ታትሞ ሁለት ሰው ፊደል በፊደል አንብቦ ይፈርምበት፣ ቀሪው ክፍያም ከዚያ በኋላ ይሁን። ከሁለት ሴንቲሜትር ባነሰ ፊደል የሉ እና የሊ ቅጥያ ቀለም ሲገባበት ይደፈናል። ዓመተ ምሕረት ወደ ፈረንጁ ሲቀየርም ስሌት አለው፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 (አንዳንድ ዓመት 21) ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን የደበደበበት ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በፈረንጁ ዲሴምበር 6 ቀን 1935 ነው። በደፈናው 8 የሚደምር ሰው 1936 ብሎ ያስቆፍራል።

አቋቋሙ አጭር ነው፦ መሠረቱ 7 ቀን ውሃ እየጠጣ ይክረም፣ ድንጋዩ ከ28 ቀን በፊት አይጫንበት። ማያያዣው ፌሮ ከሆነ ዝጎ ሲያብጥ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል፤ ስቴንለስ ይሁን።

ዕድሮች በጋራ የሚያሠሩት የስም ግድግዳ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በደሴ አንድ ዕድር ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ስላለ ፎቶ የሌለው፣ ስም ብቻ የተጻፈበት ግድግዳ ሁሉንም ያስማማል፤ ምስሉን የፈለገ በየቤቱ ይሰቅላል። ቅደም ተከተሉ በዕረፍት ቀን ይሁን፤ በማዕረግ ከተጀመረ ጭቅጭቁ አያልቅም። ስሞቹን ሁሉ አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ መቆፈር ያምራል፣ ግን አንድ ስህተት ሁሉንም ያበላሻል። 10 በ30 ሴንቲሜትር የሆኑ ሰሌዳዎች እያንዳንዳቸው በአራት ብሎን ቢታሠሩ አንዱን ፈትቶ መቀየር ይቻላል። ሰሌዳው ነሐስ አይሁን፤ ለሽያጭ ተነቅሎ ይሄዳል። ግድግዳው ተዳፋት የሚደግፍ ከሆነ ከሥሩ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይተውለት፤ አለዚያ ከኋላ የሚገባው እርጥበት ጨው እያወጣ ፊደሉን ያለብሰዋል። ከፊቱ አግዳሚ ወንበርና ወይራ ወይም ጽድ ይበቃዋል። ባሕር ዛፍ አይተከልበት፣ ሥሩ መሠረቱን ይፈነቅላል።

ወደፊት ለሚሞሉ ስሞች ሰሌዳው አስቀድሞ ከተገዛ ቀለሙ አይለያይም። ብቻ ባዶዎቹ ግድግዳው ላይ አይሰቀሉ፣ ዕቃ ቤት ይቀመጡ፤ አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ባዶ የስም ቦታ ሲቆጥሩ መዋል የለባቸውም።