ያለ ማሞቂያ ዘጠኝ ወር፦ የሳሎኔ አኳሪየም

ጥቅምት ላይ የገዛሁት አኳሪየም ይኸው ዘጠኝ ወር ሞላው። 60 ሊትር ገደማ ይይዛል። መስታወት ቤት ተቆርጦ በሲልከን የተጣበቀ ነው። አብሮት የስፖንጅ ፊልተር፣ ትንሽ የአየር ፓምፕና መብራት አለው። ማሞቂያ ግን የለውም። ሻጩን ስጠይቀው «አዲስ አበባ እኮ ለዓሳ አይበርድም» አለኝ። አመንኩት።

ግማሹ እውነት ነበር። እዚህ የማይበርዳቸው ዓሦች አሉ። እሱ የሸጠልኝ ግን የሚበርዳቸውን ነው።

ስድስት ጉፒ ነበር ይዤ የገባሁት። ጅራታቸው የቀሚስ ጥለት ይመስላል፤ ማን ይጠላቸዋል? ጉፒ ግን የሞቃት አገር ዓሳ ነው፤ ውሃው ከ22 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነው የሚመቸው። እስከ ኅዳር ምንም አልሆኑም። ታኅሣሥ ላይ አንድ ማለዳ ተነስቼ ቴርሞሜትሩን ሳይ 15.5 ይላል። ጉፒዎቹ ክንፋቸውን ሰብስበው ጠጠሩ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ጋቢውን የተሰረቀ ዘበኛ ነው የሚመስሉት። እማዬ ከኋላዬ መጥታ አየቻቸውና «ምነው ልጄ፣ ትንሽ ሙቅ ውሃ ጣል አታደርግላቸውም?» አለችኝ። አላደረግኩም። ድንገተኛ ሙቀት ራሱ ይጎዳቸዋል። በሳምንቱ ገላቸው ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ወጣ። አራቱ ሞቱ።

ለቀሩት ሁለቱ በድንጋጤ ማሞቂያ ገዛሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ መብራት ጠፋ። ማታ 25 የነበረው ውሃ ጠዋት 19 ሆኖ አገኘሁት። ዓሳን ከብርድ በላይ የሚያሳምመው እንዲህ ያለው መዋዠቅ ነው። ሁለቱን ጄኔሬተር ያለው ጓደኛዬ ወስዶ ለብቻቸው አስቀምጦ አዳናቸው። ማሞቂያውን ነቅዬ ካርቶኑ ውስጥ መለስኩት።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ከሌላ በኩል ያየሁት። ዓሳውን መርጬ ቤቱን ላሙቅለት ከምል፣ ቤቱን ለክቼ ዓሳውን ብመርጥስ? ዓሳ የሌለበትን የገንዳውን ውሃ ሙቀት ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ለካሁ። ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ይመላለሳል። ከመስኮቱ አራቅኩት፤ ከጀርባውና ከሥሩ ፎም አደረግኩ፤ በመስታወት ከደንኩት። ማታ ላይ ዝቅተኛው 17.5 ሆነ። ለፎሙ ያወጣሁት የማሞቂያውን ሩብ አይሞላም።

ለዚህ ሙቀት የመጣልኝ ዜብራ ዳኒዮ ነው። የሕንድና የባንግላዴሽ ወንዞች ዓሳ ነው፤ አራት ሴንቲሜትር ቢሆን ነው፤ ጎኑ ላይ ሰማያዊ መስመር አለው። ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ይመቸዋል፤ ትንሽ ቢወርድም ይችላል። ብቻውን አይሆንም፤ ቢያንስ ስድስት ያስፈልጋል። እኔ ስምንት አለኝ። አንድም አልሞተብኝም። አንዱ ግን ውሃ ስቀይር ዘሎ ምንጣፍ ላይ ወርዶ ነበር። ክዳን የግድ ነው።

«ጎልድፊሽስ?» የሚለኝ ብዙ ነው። ብርድ ይችላል፤ እውነት ነው። ግን ሻጮቹ ጋ የምታዩት የጣት ርዝመት ያላት ዓሳ ልጅ ናት። ተራው ዓይነት 20 ሴንቲሜትር ያልፋል፤ በደንብ ከተያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል። በ60 ሊትር ማስቀመጥ ግፍ ነው። ቻይና ጓንግጆ አጠገብ ካለ ተራራ የተገኘ ዋይት ክላውድ የሚባል ትንሽ ዓሳም አለ። ለአዲስ አበባ የተፈጠረ ነው የሚመስለው፤ ከ14 ዲግሪ ጀምሮ ይኖራል። የምሄድባቸው ሱቆች ውስጥ ግን አላገኘሁትም።

ቀንድ አውጣዎቹን አልገዛኋቸውም። ከውሃ ተክሉ ጋር ተደብቀው ገቡ። መጀመሪያ ሁለት ነበሩ፤ አሁን መቁጠር ትቻለሁ። የተረፈ ምግብና አልጌ ይበላሉ። ሲበዙ ምግብ እያበዛሁ እንደሆነ አውቃለሁ። በብርድ ጊዜ ዓሳ ምግቡን ቶሎ አይፈጭም፤ በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ያህል ይበቃዋል።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ሲልከኑ እስካሁን ጠብ አላደረገም። ስፖንጅ ፊልተሩን ወድጄዋለሁ፤ ከገንዳው በወጣ ውሃ እጨምቀዋለሁ፣ አለቀ። በቧንቧ ውሃ ካጠባችሁት ክሎሪኑ የዓሳውን ቆሻሻ የሚያጣሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላል። ፓምፑ ግን ጉድ ሠርቶኛል። ወለል ላይ አስቀምጬው ነበር። መብራት ሲጠፋ አየሩ ቆመና ውሃው በቱቦው ተመልሶ ወረደ፤ ጠዋት ምንጣፉም የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውም ርሰው አገኘኋቸው። አሁን ፓምፑ ከውሃው ከፍ ብሎ መደርደሪያ ላይ ነው። አውጥቼ ልጣለው እንዳልል ደግሞ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ቀዝቃዛ ውሃ የተሻለ ቢይዝም አረፋው ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ የምቆጨው በችኮላዬ ነው። ገንዳውና ዓሳው በአንድ ቀን ነው የገቡት። የዓሳውን ቆሻሻ የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ በብርድ ደግሞ ይዘገያል። ለዳኒዮዎቹ ታግሻለሁ።

አሁን ሐምሌ ነው። ውጭው ዝናብ፣ ውሃው 18 ዲግሪ፤ ዳኒዮዎቹ እየተባረሩ ነው። ማሞቂያው ቁምሳጥን ላይ ተቀምጧል። እማዬ «ለምን አትሸጠውም?» ትለኛለች። እሸጠዋለሁ፤ ገዢ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሰፈሩ መብራት እንዴት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።