ወንጪ ለሚያመላልሰን የአለም ገና ሹፌር ምስጋና፣ የጥቅምት ሽርሽር ለምታስቡም ጥቆማ

ከአየር ጤና እስከ ሰበታ ባለው መስመር የምንኖር ሰዎች መስከረም ሲጋመስ አንድ ጥያቄ ይበዛብናል፦ «ወንጪ የሚወስድ ደህና ሹፌር ታውቃላችሁ?» እናውቃለን። የአለም ገና ልጅ ነው፣ ሃይሩፍ ሚኒባስ አለው፣ አማርኛውንም አፋን ኦሮሞውንም አቀላጥፎ ይናገራል። ወንድማችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እጅህ አይታጠፍ።

የምናመሰግነው ቀኑን ለተራራው በሚስማማ ሰዓት ስለሚከፋፍልልን ነው። መነሻው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ የዘገየ ሰው ካለ አሥር ደቂቃ ጠብቆ ይሄዳል። ጨካኝ የሚሉት አሉ፤ እኛ ግን ልክ ነው እንላለን። የሰበታ የጭነት መኪና ከነቃ በኋላ ከከተማ መውጣት ራሱ ጉዞ ነው። ቱሉ ቦሎን አልፎ ወሊሶ ቁርስ ያበላል (ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ነው)፤ ከዚያ ወደ አምቦ የሚያወጣውን መንገድ ይዞ 3 ሰዓት ገደማ የወንጪ ሐይቅ አፋፍ ላይ ነው። ሐይቁ የሚረጋው ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳና ጀልባው መናወጥ ይጀምራል፤ ደሴቱ ላይ ወዳለው የጨርቆስ ገዳም መሻገር የሚፈልግ ሰው ቢቻል ከ6 ሰዓት በፊት ይሻገር። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ያልሰጠ ጀልባ ላይ አትውጡ፤ እሱም አያስወጣችሁም። ለገዳሙ ሴቶች ነጠላ፣ ሁሉም ደግሞ ቶሎ የሚወልቅ ጫማ ያስፈልጋችኋል።

ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ይመለሳል። ከአፋፉ እስከ ወሊሶ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ብዙ ሹፌር የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ፍሬን ላይ እግሩን ጭኖ የሚወርድ ሰው ሸራውን ያግላል፣ ሙቀቱ የፍሬን ዘይቱን ያፈላዋል፣ ፔዳሉ መሬት ድረስ ይገባል፤ መኪናው አይቆምም። የእኛው ሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ ማርሽ ያስገባና መኪናውን በሞተር ይዞ ይወርዳል፤ ፍሬን የሚነካው እየቆራረጠ ነው። ሞተሩ ሲጮህ አትደንግጡ፣ «ማርሽ ጨምር» ብላችሁም አትጨቅጭቁት። ሌላ ሹፌር የምትይዙም ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ይህን ጠይቁት፤ ኪሱ ውስጥ ያለው መንጃ ፈቃድ የማይነግራችሁን ከመልሱ ትረዳላችሁ።

ዋዜማውን ወሊሶ ደውሎ የመንገዱን ሁኔታ ያጣራል። ጥሩ ካልሆነ ቀብዱን መልሶ ይቀራል።

ስለ ፈረስ። ወንጪ ፈረስ የሚከራየው በአካባቢው ማኅበር በኩል በተራ ነው፤ ሹፌራችን ባለ ፈረሶቹን በስም ያውቃቸዋል፤ ሆኖም ከተራ ውጪ አያስመርጥም። ከመውጣታችሁ በፊት ከኮርቻው ሥር ጀርባው ቆስሎ እንደሆነ እዩ። ሆዱ ላይ የሚታሰረው ጠፍር ላልቶ ከሆነ ቁልቁለት ላይ ኮርቻው ወደ አንገቱ ይንሸራተታል፤ ጥቂት ከተራመደ በኋላ እንደገና አስጠብቁት፣ ፈረስ ሲታሰር ሆዱን ስለሚነፋ መጀመሪያ የጠበቀው ይላላል። እርካብ ውስጥ የሚገባው የእግር ጣት አካባቢ ብቻ ይሁን፤ እስከ ተረከዝ የከተተ ሰው ሲወድቅ ይጎተታል። ዳገት ላይ ወደ ፊት፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ ዘንበል ማለት ነው። መንገዱ በጣም ሲቀጥን ውረዱና በእግር ሂዱ። ጉልበት ላለው ምክራችን በእግር ወርዶ በፈረስ መመለስ ነው፤ መውጫው ከመውረጃው እጥፍ ይፈጃል። ከሐይቁ ማዶ ወዳሉት ፍል ውሃዎች ለመድረስም ጉልበት ቆጥቡ።

ከፍታው ቀልድ አይደለም። የተራራው ጫፍ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፤ ከአለም ገና በአንድ ጠዋት እዚያ መውጣት ራስ ሊያሳምም ይችላል። ውሃ ቶሎ ቶሎ ጠጡ፣ አትሩጡ። የልብ ሕመም ወይም አስም ያለበት ሐኪሙን ያማክር፤ ነፍሰ ጡር ፈረስ ላይ ባትወጣ ይሻላል። እዚያ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ድንች እዚያው እቀቅላለሁ ያለ ሰው ጾሙን ይውላል። ቀቅላችሁ ሂዱ። በሶና ጭኮ ግን ምንም እሳት አይፈልጉም።

የትኛው ሳምንት? መስከረም አደይ አበባው አለ፣ ጭቃውም አለ። ጥቅምት መንገዱ ይደርቃል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ሜዳው ግን ገና አረንጓዴ ነው፤ እኛ የምንመርጠው እሱን ነው። ኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ ለአዳሪ ወፍራም ጋቢ ግዴታ ነው። ጥቅምት 5 ግን አትጠይቁት፤ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ንግሥ ስለሆነ ተሳላሚ ይዞ ዝቋላ ነው።

ሂሳብ ላይ፦ ከእሱ ጋር የምትስማሙት ነዳጅን ጨምሮ የቀን ዋጋ ነው። የመግቢያ፣ የአስጎብኚ፣ የፈረስና የጀልባ ክፍያ እዚያው ለየብቻ ይከፈላል፤ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ዝርዝር ብርም ያዙ። የቡራዩና የሆለታ ሰዎች በአምቦ በኩል እንዲመልሳችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አሸዋ ሜዳ ድረስ ያደርሳችኋል።

አንድ ጉድለት አለበት፦ ሙዚቃው። አንድ ካሴት የሚያህል ዘፈን ነው ያለው፣ ደርሶ መልስ እሱኑ ያስደምጣችኋል። ፍላሽ ይዛችሁ ግቡ።

ስልኩን እዚህ አናስቀምጥም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልን። የጥቅምት ቅዳሜዎች ቶሎ ስለሚያዙበት እሁድን ወይም የሥራ ቀንን እንደ ሁለተኛ ምርጫ ይዛችሁ ደውሉ፤ ስንት ሰው እንደሆናችሁና ሕፃን እንዳለም ንገሩት።