የሱፐርማርኬት ከፊር፦ ለብርድ ወራት ሆድ ይበጃል?

በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም ብርዱ ሲገባ ሰው ቤት ይውላል፣ አትክልት ይቀንሳል፣ ሆድም ይደርቃል። ለዚህ ጊዜ ተራው ከፊር ጥሩ ግዢ ነው። ቀጠንና ኮምጠጥ ያለ እርጎ በሉት፤ ሲከፈት ትንሽ አረፋ የሚያወጣው ከባክቴሪያው ጋር እርሾም ስላለበት ነው። ላክቶሱ (በወተት ውስጥ ያለው ስኳር) ከወተት ያነሰ በመሆኑ ወተት የሚነፋቸው ብዙዎች ይስማማቸዋል።

ስትገዙ ሕያው ባክቴሪያ እንዳለው የሚገልጽ ጽሑፍ ፈልጉ፤ ስኳሩንም እዩ። የእንጆሪውና የቫኒላው ዓይነት ለስላሳ መጠጥ ቢባል ይቀላል።

በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል፣ ከዚያ ወደ 200። በአንዴ ትልቅ ብርጭቆ ጨልጦ ሆዱ የተነፋ ሰው ከፊሩን አይውቀስ። ለድርቀት አንድ የሾርባ ማንኪያ ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ ጣል አድርጉበት፤ ግን ወዲያው ይጠጣ፣ ከቆየ ይለጠልጣል። ውሃም በደንብ ጠጡ፣ አለዚያ ተልባው ራሱ ያደርቃል። ትኩስ አጃ ላይ ማፍሰስ ግን ብክነት ነው፤ ሙቀቱ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። (እንጀራም ምጣድ ላይ ዕጣው ይኸው ነው፤ የሚተርፈው የጤፉ አሰር ነው።)

«ድብርት ያባርራል» የሚለው ወሬ ላይ ግን ቆጠብ በሉ። ከስሜት ጋር የሚያያዘው ሴሮቶኒን የተባለው ኬሚካል አብዛኛው አንጀት ውስጥ መመረቱ እውነት ነው፤ ያ ግን ወደ አንጎል አይሻገርም። ለክረምት ድብርት ከጠርሙሱ ይልቅ ጠዋት ብርሃን እያለ ግማሽ ሰዓት በእግር መውጣት ይሻላል። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ይየው። የበሽታ መከላከል አቅማቸው የደከመም ከፊር ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ።