ኩፕና የዊስኪ ብርጭቆ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ስብስቡ ሁለት ዓይነት ብርጭቆ አለው፦ 160 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ባለ እግር ኩፕ (አፉ ሰፊ፣ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ የኮክቴል ብርጭቆ) እና 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ መቀመጫው ወፍራም የሆነ የዊስኪ ብርጭቆ። ሁለቱም እርሳስ አልባ ክሪስታል ናቸው።

የኩፑ ትልቁ ጥቅሙ ማነሱ ነው። 60 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 22 የሎሚ ጭማቂና 22 የስኳር ሽሮፕ ከበረዶ ጋር በደንብ ሲናጥ፣ የሚቀልጠው ውሃ ተጨምሮበት 140 አካባቢ ይደርሳል። ኩፑ ውስጥ ከጠርዙ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቆማል። ያንኑ መጠጥ 300 በሚይዝ ሰፊ ብርጭቆ ቢቀዱት ግማሽ እንኳ ስለማይሞላ ጠጪው የተጎደለበት ይመስለዋል። የእንቁላል ነጭ ሲገባበት ግን አረፋው ይገነፍላል፤ ያኔ ቅንብሩን መቀነስ ግድ ነው።

ለማቀዝቀዝ 20 ደቂቃ ፍሪዘር ይበቃዋል። ቦታ ከሌለ በረዶና ውሃ ሞልቶ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ይቻላል። ከፍሪዘር እንደወጣ ሙቅ ውሃ ከነካው ግን ሊሰነጠቅ ይችላል።

ቅሬታዬ በዊስኪ ብርጭቆው ላይ ነው። የውስጥ ስፋቱ አፉ ላይ 7.5፣ ታች 6.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የበረዶ ኩብ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 7.1 ስለሚሆን መሃል ላይ ይቀረቀራል፤ ዊስኪው ከሥር፣ በረዶው ከላይ! ጎኑ 4.5 የሆነው 6.4 ስለሚመጣ ለጥቂት ይገባል፤ የ6 ሴንቲ ሜትር ድቡልቡል በረዶም ያለ ችግር ይወርዳል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሚለካው አፉ ሳይሆን ታቹ ነው።

እጥበት ላይ ኩፕ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ሲወድቅ ሳይሆን ሲወለወል ነው። አንድ እጅ መቀመጫውን፣ ሌላው አፉን ይዞ በተቃራኒ ሲያዞር እግሩ ቀጭ ይላል። መያዝ ያለበት የሚወለወለው ክፍል ራሱ ነው።

ማሽን ውስጥ የታጠበ ብርጭቆ ከደበዘዘ አቼቶ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይዘፍዘፍ። ከጠራ የውሃ ጨው ነበር። ካልጠራ ሙቀቱና ጠንካራው ሳሙና ገጹን በልተውታል፤ መድኃኒት የለውም።

የዊስኪ ብርጭቆዎቹ ተደራርበው ከተጣበቁ መታገል አያስፈልግም፦ የላይኛው ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሮ የታችኛውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ማቆም። የውስጡ ሲኮማተር የውጪው ይሰፋና በቀላሉ ይላቀቃሉ።