ጅማ ውስጥ ወንበር ማሠራት ለምታስቡ

ሂርማታ ገበያ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አናጢ አሉ፤ ሳላመሰግናቸው ባልፍ ቅር ይለኛል።

ጓደኛዬ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ቡና አፍልታ ከበርጩማ ለመነሳት ሰው መጥራት ጀምራ ነበር። ባለ መደገፊያ ወንበር ላሠራላት ወሰንኩ። ንድፉን ራሴ ደብተር ላይ ሣልኩት፤ የጅማ ልጅ ነኝና እንደ አገሬ በርጩማ እግሩን ሦስት አደረግኩት። (ሙዚየማችን ውስጥ የአባ ጅፋርን ዕቃዎች ያየ ሰው አይፈርድብኝም።)

አናጢው አይተው ሳቁ። «ልጄ፣ ሦስት እግር ጎርበጥባጣ መሬት ላይ አይወዛወዝም፤ ለበርጩማ ደግ ነው። እሷ ግን ክንዱን ተጭና ልትነሳ ወደ ጎን ስታጋድል ይዟት ይወድቃል» አሉኝ። አራት ሆነ። የመቀመጫውን ከፍታ በግምት ስነግራቸው ደግሞ አልተዋጠላቸውም። ቅዳሜ እንደ እንግዳ ቤቷ ይዣቸው ሄድኩ። ቡናቸውን ፉት እያሉ አቀማመጧንም አነሳሷንም ሲያዩ ቆዩና፣ ስንወጣ በር ላይ ሜትራቸውን ዘርግተው «44 ሳንቲ ሜትር» አሉ። እሷ ምንም አልጠረጠረች።

እንጨቱ ዋንዛ ነው። በቀጠሮው ቀን ስሄድ ገና አልተገጠመም። «ውሃውን አልጨረሰም፤ አሁን ብገጥመው ሲደርቅ ይኮማተርና መጋጠሚያው ይላላል» ብለው መለሱኝ። ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ሌላ ቦታ የገዛሁትና ዓመት ሳይሞላው ሲጥ ሲጥ ማለት የጀመረው ወንበሬ ትዝ ሲለኝ ግን ዝም አልኩ።

መቀመጫው እንደ በርጩማ መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ተጠርቧል። ሚስማር የሚባል የለበትም። ክንዱ ወደ ፊት ትንሽ ወጣ ስላለ ተጭኖ ለመነሳት ይመቻል። ከትራፊው ደግሞ ሳልጠይቃቸው ለረከቦቷ ማስቀመጫ ሠርተው ጨመሩልኝ። «ከፍ ብላ ተቀምጣ ጎንበስ ብላ ልትቀዳ ነው?» ይላሉ። እኔ ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር! ለእሱ ሳንቲም አልተቀበሉኝም።

ወንበሩን ያስረከብኳት ቀን ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ እንደገና ተቀመጠች፤ ጀበናው ገንፍሎ ከሰሉን እስኪያጠፋው ድረስ ይኸው ነበር ሥራዋ።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ።

6,000 ብር ከፍያለሁ፣ ግማሹን በቀብድ። ርካሽ አይደለም። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለሠርግ ወይም ለበዓል የምታሠሩ ከሆነ ግን እሳቸው በሚሰጧችሁ ቀጠሮ ላይ ሁለት ሳምንት ጨምሩበት።