ጫጩቶችን ለእናታቸው መተው ወይስ ለይቶ ማሳደግ?

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ላይ ዶሮ ለሚያረባ ሰው ጥያቄው ከሁሉ በፊት የብርድ ጥያቄ ነው። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ትፈልጋለች፤ የእኛ ሌሊት ደግሞ አጥንት ድረስ ይዘልቃል።

እናት ዶሮ ይህን ሙቀት ያለ መብራትና ያለ ከሰል ትሰጣለች። ጭልፊት ሲያንዣብብ በአንድ ድምፅ ሁሉንም ክንፏ ሥር ስትሰበስብ ማየት ልብ ይነካል። ነገር ግን ጭልፊቱንም ሸለምጥማጡንም ሁልጊዜ አትችላቸውም። ጫጩት በምታሳድግባቸው ሳምንታትም እንቁላል አትጥልም።

ከለየናቸው እናቲቱ ቶሎ ወደ መጣል ትመለሳለች፤ ድካሙ ግን ወደ እኛ ይዞራል። ጭድ የተነጠፈበት ሳጥን፣ አምፖል፣ የጫጩት መኖ፣ እንዳይሰምጡ ጠጠር የተደረገበት የውኃ ሳህን ያስፈልጋል። ሙቀቱን የሚነግሩን ራሳቸው ጫጩቶቹ ናቸው፦ አምፖሉ ሥር ተደራርበው ከተንጫጩ በርዷቸዋል፤ አፋቸውን ከፍተው ጥግ ከያዙ ሞቋቸዋል፤ ተበታትነው ከተኙ ተስማምቷቸዋል። በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል መቀነስ ይበቃል።

ባለፈው ክረምት ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሰባት ጫጩቶች ተደራርበው ታፍነው አገኘሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አሁን ሙቅ ውኃ የሞላሁትን ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልዬ ሳጥኑ ውስጥ ሳላስቀምጥ አልተኛም።

የራሷን አሥር ጫጩቶች የፈለፈለች ጎበዝ እናት ካለችኝ አልለያቸውም። የአንድ ቀን ጫጩት ሃምሳ ገዝቼ ካመጣሁ ግን ከሳጥኑ ሌላ ምርጫ የለኝም።